የተመዘገበው ክንድ

«የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። መስከረም ሲጠባ እመዘገባለሁ ብዬ አምና ፈርሜአለሁ፤ አሁን ገና ሰኔ ነው» አልኳት። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አንድ እግሬን ከኋላው አስደግፌ ነበር የቆምኩት።

ምንትዋብ ከደጃፌ አልተነቃነቀችም። የሁለተኛ ፎቋ የሶልያና ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። ቢሆንም በዚያ ሰሞን የሠፈሩ ልጆች ዲግሪ የሌለውን ሰው እየጠቆሙ የአገልግሎት ነጥብ ይሰበስቡ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በጠዋት መጥታ «ጋሼ፣ ዲግሪ የለህም አይደል?» ስትለኝ ሌላ ምን ላስብ? ሰሌዳ ይዛለች፣ እርሳስ ይዛለች፣ ፊቷም የተቆጣ ነው። ጠቋሚ መሰለችኝ።

ስለ ዕድሜዬ ነገርኳት። ስለ ጉልበቴ ነገርኳት፤ ጉልበት ከዲግሪ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔም አላውቅም። ጆሮዬ ውስጥ ነገር ሲያንሾካሹክብኝ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አለኝ አልኳት፤ ወረቀቱ እንኳ የለም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምፈልገው እሱኑ ነው» አለች።

«ምኑን?»

«አለመማርህን።»

ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ በሩ ይዘጋ ነበር። እሷ ግን ቀልድ የምታውቅ ልጅ አይደለችም። በሕፃንነቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለወጣ ለወረደው ሁሉ የደረጃውን ቁጥር ትነግር ነበር፤ ሰባ ሁለት ነው፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። አስገባኋት።

በብሎካችን ሃያ አባወራ አለ። ዲግሪ የሌለን ሁለት ነን፣ እኔና የእማማ ኤልዳና ድመት። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ስለ ድመቷ እርግጠኛ አይደለሁም። ዲግሪ ዛሬ ምስር የምታህል ነገር ናት፣ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ሕዝቡ «ሹክ» ነው የሚላት። ዳቦ ቤት የቆመው ልጅ ባለ ዲግሪ ነው፤ ዘበኛችን ሁለት አለው፣ በየጆሮው አንድ። ባለ ዲግሪውን ለመለየት ደህና አደርክ ማለት ይበቃል። ትንሽ ዝም ይላል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ሄድ ይላል፣ ከዚያ ደህና ማደሩን ይነግርሃል። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ካልታደሰ ሹኩ ዝም ይላል፣ ሰውየውም አብሮት።

ሕንፃ የሚነድፈው በየጆሮው ሹክ የሚለው ማዕከሉ ነው። መሐንዲስ የሚባለው ሰው ማዕከሉ ሹክ ያለውን ተቀብሎ ለሠራተኞቹ ይናገራል፣ በዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማዕከሉ ዘጠኝ ቀን ዝም ብሎ ነበር። በነዚያ ዘጠኝ ቀኖች የበር ስፋት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ታጣ። አንድ ከተማ ላይ ሠራተኞቹ በር የሌለው ትምህርት ቤት ገንብተው ጨረሱ ይባላል። ልጆቹ በመስኮት ገብተው ተምረዋል፤ ጥሩም ተምረዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው በዓመት አሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ያለ ሹክ ምህንድስናና አርክቴክቸር ያስተምራል። «ባዶ ጆሮ» ይሉታል ክፍሉን።

ምንትዋብ የምትፈልገው እሱን ነው። የመግቢያ መስፈርቱን በእጇ ገልብጣ ይዛው ነበርና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አነበበችልኝ። አመልካቹ በሕይወቱ ሹክ አድርጎ የማያውቅ፣ ዕድሜውም ከአሥራ ዘጠኝ ያልዘለለ መሆን አለበት። አንድ የቆመ ሕንፃ መርጦ፣ ፎቅ በፎቅ፣ በእርሳስና በማስመሪያ ይስለዋል፤ ክፍሎቹ ተደምረው ከውጪው ግድግዳ ጋር መግጠም አለባቸው። የሚስለውና የሚለካው ግን አንድ ሰው አይሆንም፣ ልክን ለሥዕል ማመቻቸት እንዳይመጣ። የሚለካው ሰው ዲግሪ ኖሮት የማያውቅ ይሁን። መለኪያውም የማይናገር ይሁን።

አምና አጎቷ ለክቶላት ነበር። ሥዕሉ ገጥሞ፣ ማኅተም ሊያርፍበት ሲል፣ አጎትየው ከሠላሳ ዓመት በፊት በዶሮ እርባታ ዲግሪ እንደነበረው ተገኘና ወደቀች። ሰውየው ራሱ ረስቶት ነበር። በመጪው ኅዳር ምንትዋብ ሃያ ትሞላለች። ዘንድሮ ካልገባች ማዕከሉ የመደበላትን ትማራለች።

«ምን መደበልሽ?»

«ደንበኛ ማባበል። አራት ዓመት ነው።»

አየኋት። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ ሲያባብሏት ነበር የምትቆጣው። እሺ አልኩ።

የቀረው የማይናገር ሜትር ማግኘት ነው። መርካቶን ሁለት ቀን ዞርን፣ ሁሉም ይናገራል። አንዱን የኔ ሳሎን ግድግዳ ላይ ብናስጠጋው ልኩን ትቶ «ይህ ቤት ዕድሳት ይፈልጋል» ብሎ ሰደበኝ። ደክሞኝ ቁጭ ባልኩበት በኛ ጊዜ እኮ ክንድ ነበር አልኩ። ለወግ ያህል ነው ያልኩት። እሷ ግን ሰሌዳዋን አወጣች።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ፤ ልብስ በየቤቱ መታተም ሳይጀምር፣ ጨርቅ ቤቶቹም ሳይዘጉ። አሠሪዬ ሐጂ ሙአዝ ደንበኛ ፊት ሜትር ማውጣት አይወዱም ነበር። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ እያልን ነው የለካነው፣ ማንም ጎደለብኝ ብሎ ተመልሶ አያውቅም። ምንትዋብ ይህን ከሰማች በኋላ ክንዴን ወረዳ ይዛው ሄደች፤ እኔም ተከተልኩት።

ጸሐፊው ምን ፈልገን እንደመጣን ጠየቀ። ክንዴን ላስመዘግብ ነው አልኩት። ዝም አለ፣ ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ፣ ቆየ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ ክንዴ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። እዚሁ እንዳለ አሳየሁት። እንደገና ዝም አለ። ከቀትር በኋላ «መሣሪያ፣ ልዩ ልዩ» በሚል ተመዘገብኩ። ርዝመት አርባ ሰባት ሳንቲሜትር ከሦስት ሚሊ፣ በየዓመቱ የሚታደስ። አንጓዬ ላይ ቁጥር ያለው ጥብጣብ አሰሩልኝ፤ እስከ ነሐሴ ድረስ እሱን አስሬ ነው የታጠብኩት።

ከሐምሌ አንድ ጀምሮ መለካት ያዝን። ብሎኩ ሰባ ዓመቱ ነው፤ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከላይ ጀምሮ እንዲፈርስ ቀን ተቆርጦለታል። ነዋሪው ማዕከሉ ወደ ነደፈው አዲስ ማማ ይገባል። ሰው ሁሉ ዕቃውን እየጠቀለለ፣ ካርቶን በየኮሪደሩ ተደርድሮ ነበር። ውጪ ይዘንባል፤ እኛ ሲባጎ ይዘን በየቤቱ እናንኳኳለን። አሠራራችን ቀላል ነው። ምንትዋብ የሲባጎውን ጫፍ ጥጉ ላይ ትይዛለች፣ እኔ እስከ ወዲያኛው ጥግ ዘርግቼ እቆርጣለሁ። ከዚያ ሲባጎውን በክንዴ እለካለሁ፣ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

በየሳሎኑ መጀመሪያ የማደርገው ፎቶ ማውረድ ነበር። የድሮ ዲግሪ ፎቶ ነበረው። ጥቁር ገዋን፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ እቅፍ ሙሉ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጀርባ ሰማያዊ መጋረጃ። አቶ ኪሩቤል ቤት የአባቱ አለ፣ ወይዘሮ ኢክራም ቤት የሦስት እህቶቿ፤ እማማ ኤልዳና ጋ የራሷ አለ፣ ቆቡ ወደ አንድ ዓይኗ ዘንበል እንዳለ። ፎቶውን ሳወርድ ከኋላው ያለው ግድግዳ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ቤቱ በተቀባ ዕለት የነበረው ቀለም። ያኔ ሰው ዲግሪውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ መብራት ሲበላሽ ጎረቤት ይጠራ ነበር። እኔ ቤት የሚወርድ ፎቶ አልነበረም፤ የኔ ሳሎን በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ለምንትዋብ እየለካሁ አወራታለሁ። በዚህ ደረጃ ሶፋ አያልፍም ነበር፤ ሶፋ የገዛ ሰው ገመድ ይዞ ጎረቤት ይጠራል፣ በረንዳ በረንዳውን እየተሳበ ይወጣል፣ ከታች የቆመው ሁሉ መሐንዲስ ይሆናል። አዙረው፣ እግሩን፣ ወደ ግራ ይባላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ጄሪካኖቹ እዚህ ጋ ይሰለፉ ነበር፣ ባለቤቶቻቸው ሳይኖሩ፤ ማንም የማንንም ጄሪካን አይዘልም። እናቴ በኮረዳነቷ ለዚህ ሕንፃ አሸዋ በሳጥን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ አድርሳለች፤ ዕጣ ሲወጣላት ግን ምድር ቤት ደረሳት፣ ዕድሜ ልኳን ከላይ ያሉትን በቅናት ታያቸው ነበር። ምንትዋብ እኔ የማወራውን አትጽፍም። አንዳንዴ ግን እርሳሷ ቆም ይል ነበር።

አሥራ አንድ ቁጥር የራሷ ቤት ነው። ሶልያና ዕቃ እየጠቀለለች አገኘናት። የውኃ መሐንዲስ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዲግሪዋን አላሳደሰችም፣ ሹኩን አንድ ስኳር ዕቃ ውስጥ ጥላዋለች። ክንድህ ታርጋ አወጣ አሉ፣ ጎማውስ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። መቀስ ስፈልግ ከካርቶን ውስጥ ፈልጋ አቀበለችኝ። ምንትዋብ ፊቷን ወደ ጥጉ አዙራ ጫፉን ይዛለች። ቆረጥኩ፣ ጠቀለልኩት፣ ለካሁት፣ ጠራሁ። ከሌላው ቤት ትንሽ ሳንቆይ አልቀረንም።

በሐምሌ ማብቂያ ላይ ሁሉም ተለካ። ነሐሴ ገባና ማፍረሻዎቹ መጡ። ድምፅ የላቸውም። ጠዋት ቀና ብዬ ሳይ አራተኛው ፎቅ የለም፤ በሳምንቱ ሦስተኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሰማዩ ወደኔ ቀረበ። እኛ ምድር ያለነው መጨረሻ ላይ ነው የምንወጣው።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ምንትዋብ ወረቀቷን ጠቅልላ ከማማው መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሕንፃው ከውጪው ይልቅ ውስጡ ይበልጣል።»

አውቃለሁ፣ ያንን ሁሉ ሰው ችሎ የለም እንዴ አልኳት። አልሳቀችም። ወረቀቱን ዘረጋችው። በየፎቁ ክፍሎቹን ደምራ፣ የግድግዳውን ውፍረት ጨምራ ስታበቃ ከውጪው ልክ ይዘላል፣ አንዱ ፎቅ ላይ አራት ጣት፣ ሌላው ላይ አምስት፣ አንዱ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። አምስት ቀን ያለ እንቅልፍ የደመረችው ነው። ሥዕሉ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሦስቱ የላይኛ ፎቆች ደግሞ በመኪና ተጭነው ሄደዋል። እንደገና የሚለካ ነገር የለም።

ከዚያ ተነሳችና ሲባጎ አስያዘችኝ። ሳሎንህን ልካ አለችኝ። እንደ ልማዴ ዘርግቼ ልቆርጥ ስል እጄን በእጇ ያዘችው።

«ይቺ ጣት ምንድን ናት?»

አየሁት። ልኩ ግድግዳው ጋ አልቋል፤ መቀሱ ግን አንድ ጣት አለፍ ብሎ ነው የቆመው።

«ምርቃት ናታ» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ልኩ ላይ ቆርጬ አላውቅም። ልኩ ላይ የሚቆርጥ ነጋዴ ንፉግ ይባላል። ክንዱ ሲሞላ ጣትህን ጨምረህ ነው መቀስ የምታስገባው፣ ደንበኛው እያየ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ያልፋል። የውጪውን ግድግዳስ ለምን ልኩ ላይ ቆረጥከው አለችኝ። የውጪው ግድግዳ የማን ነው? የማንም። ማንም ለሌለበት ማን ይመርቃል?

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ፊቷ በራ አለ። በየቤቱ አንድ ጣት ከሆነ እቀንሰዋለሁ፣ የለካኸው ራስህ ከመሰከርክ መስፈርቱ ይፈቅዳል አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዲግሪ ያለኝ ሳልመስላት አልቀረሁም።

«ጋሼ? አንድ ጣት ነው አይደል?»

ለሁሉም እኩል አልነበረም። እኩል የሚመርቅ ሰው የለም።

ሦስት ቀን ፈጀብን። ቤት በቤት እየጠራች ትጠይቀኛለች፣ እኔ እጄ ያደረገውን አስታውሳለሁ፤ እሷ በአምድ በአምድ ትጽፋለች። እማማ ኤልዳና ሁለት ጣት፣ ምክንያቱም ልጆቿ ሁሉ ርቀው ሄደው ያ ሳሎን ሲሰፋባት አይቻለሁ፣ ያኔም ሲባጎውን ላሳጥር ስል እጄ እምቢ አለ። ወይዘሮ ኢክራም ሁለት፤ በየረመዳኑ ሳምቡሳ ስትልክልኝ ሳህኑን ባዶ መልሼ አላውቅም፣ እሷም ባዶ ልካ አታውቅም። ዘበኛው በደረጃ ሥር ያለችው ክፍሉ ሦስት ጣት፣ ክፍሏ ራሷ ስድስት ክንድ አትሞላም። አራተኛ ፎቅ አዲስ ተጋቢዎቹ አንድ። ስማቸውን እንኳ በደንብ አላውቅም፣ እንዲያው ለዓመል። አቶ ኪሩቤል ጋ ስንደርስ ቆም አልኩ። በሮቶ ውኃ የተነሳ ስድስት ዓመት ተኮራርፈናል። ለሱ ምንም አልጨመርኩም ካልኩ በኋላ ሳስበው እሱም ልክ አልነበረም፣ ግማሽ ጣት አጉድዬበታለሁ። ምንትዋብ ቀና ሳትል ከግማሹ ፊት የመቀነስ ምልክት አደረገች። ሰውዬው ያለ ጥፋቱ ከሳሎኑ ተቆርጦበት ኖሯል፤ ነገ ሄጄ ሰላም ልበለው አልኩ፣ ብዬም አልቀረሁ።

«አሥራ አንድ?» አለች በሦስተኛው ቀን።

«እናንተ ጋ ምንም። ልኩ ላይ ነው የቆረጥኩት።»

እርሳሷ ቆመ። «ለኛ ምንም?»

ከኪሩቤል ትሻላላችሁ አልኳት። ዜሮ ጻፈች። ቅር እንዳላት አይቻለሁ፣ ሆኖም ቃሌን አልመለስኩም።

የዋሸሁበትን ልንገራችሁ። እኔና ሶልያና እዚሁ ብሎክ ነው ያደግነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምህንድስናዋን ስትጨርስ፣ እኔ ሐጂ ሙአዝ ጋ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሽማግሌ ልልክ ሦስት ሰው አነጋግሬ፣ ቀን ቆርጬ ነበር። በዚያን ዘመን ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጁ ዲግሪ ነው፤ በምን፣ ከየት፣ እስከ መቼ የሚያገለግል። ሽማግሌዎቼ ለዚህ ምን ብለን እንመልስ አሉኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ ቀኑን አሳለፍኩት። ለሷ ይህን ነግሬያት አላውቅም። ባሏ ደግ ሰው ነበር፣ የሠርጓን ቀሚስ ጨርቅ ከኔ ነው የገዛው። ስንት እንደመረቅኩለት አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ምንትዋብ ተመልሳ መጣች። ምድሩ ገጥሟል፣ አንደኛው ገጥሟል፣ ሦስተኛና አራተኛው ገጥመዋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን አንድ ስንዝር ትርፍ አለ። የረሳኸው ሰው አለ አለችኝ። የለም አልኩ። ለእማማ ኤልዳና አድርጊው፣ እሷ አትቀየምም አልኳት።

«እማማ ኤልዳና ሦስተኛ ፎቅ ናት። ደግሞ የሷን ሁለት ጣት ተናግረሃል።»

ወረቀቷን ጠቀለለች። እንደተረፈ ነው የማቀርበው፣ ልክ መንካት የኔ ሥራ አይደለም አለች ከበሩ ላይ ሆና።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ዩኒቨርሲቲው ጠራን። ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ገና ሳይናገሩ ሹኮቻቸውን ከጆሯቸው አውጥተው በስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሩ፣ ደንቡ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ ይከብዳቸው ነበር፣ አንድ ነገር ሲጠፋቸው ጣታቸው ወደ ባዶው ጆሮ ይሄዳል። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ኬሪያ ይባላሉ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት። የምንትዋብን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩ። የእርማቱንም ሠንጠረዥ አነበቡት፤ ዘበኛው ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። በእጅ የተሳለ ሥዕል አይቼ አላውቅም ነበር። ብሎካችን ቆሞ እያለ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጄሪካኖቹ ይሰለፉበት የነበረው ቦታ ሳይቀር በቀጭን መስመር ገብቷል። እንግዲህ የማወራውን ስትሰማ ኖራለች።

«አቶ ያፌት» አሉኝ፣ «ምድሩና ሦስቱ ፎቆች ገጥመዋል። ሁለተኛው ላይ አንድ ስንዝር ተርፏል። አመልካቿ ይህን መንካት አትችልም። የለኩት እርስዎ ነዎት፤ ማረም የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አንዴ፣ እዚሁ፣ በመሐላ። የማያውቁት ከሆነ አናስጨንቅዎትም። ወረቀቱን ጠቅልለን እንመልስላታለን።»

ምንትዋብን አየኋት። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋለች፣ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረዋል። አታየኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ቤት ነው ያለው፤ የሦስቱን ተናግሬአለሁ። የደረጃ ቁጥር ለመንገደኛ የምትነግር ልጅ ከአራት ላይ ሦስት መቀነስ አያቅታትም። ዐሥር ቀን ሙሉ አውቃው፣ አልጠየቀችኝም። ደንበኛ ማባበል ብትማርም የምትወድቅ ይመስለኛል።

«አሥራ አንድ ቁጥር» አልኩ። «ሳሎኑ። በርዝመቱ።»

«ስንት?»

መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት። ጥብጣቡ አንጓዬ ላይ ነበር።

«አንድ ስንዝር።»

በግራ የተቀመጠው ወጣት መምህር ሠንጠረዡን ወደ ራሱ ሳበው። ለሌሎቹ አንድና ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት ጣት ሆኖ ለዚህ ቤት ብቻ ይህን ያህል የሆነበትን ምክንያት ማወቅ እንደሚፈልግ ተናገረ።

«ምክንያቱስ መስፈርቱ ውስጥ አለ?» አልኩት።

ጣቱ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ምንም አላገኘም። ፕሮፌሰር ኬሪያ ከፊታቸው ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች እውነትም አነበቡት።

«የለም» አሉ። «ልኩ ብቻ ነው የሚጠየቀው።»

ላጲስ ሰጧት። ምንትዋብ ቆማ፣ አንዱን ግድግዳ አጠፋችና በማስመሪያዋ አንድ ስንዝር የምታክለዋን ነገር ወደ ውስጥ መልሳ አሰመረችው። በወረቀት ላይ ከጥፍር አትበልጥም። መስመሩ ሄዶ ከውጪው ግድግዳ ጋር ተገናኘ። ማኅተሙ ሲያርፍ ከዓመቱ አሥራ ሁለት ዘጠነኛዋ መሆኗን ነገሯት፣ ትምህርቱ መስከረም አሥራ አምስት እንደሚጀመርም፣ አምስት ዓመት ከግማሽ እንደሆነም፣ መጀመሪያው ዓመት ሙሉውን ጡብ መደርደር እንደሆነም። ለኔ ደግሞ ክንዴ ከዚህ በኋላ መሣሪያ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ።

በአውቶብስ ተመለስን። ማማው ሃያ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሶልያና ቆማ ትጠብቀን ነበር። እዚያ ቤት ሳሎኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ መኝታ ቤትነት ይለወጣል፤ ግድግዳው ራሱ ተንሸራቶ ይመጣል። እሷ ሙቀጫዋን ከፊቱ ጋርዳበት አላስመጣ ብላዋለች፣ ግድግዳው ሲገፋ ሲመለስ ይሰማል።

ገባሁ አለቻት ምንትዋብ። ሶልያና ልጇን ይዛ ብዙ ቆየች። እኔ በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ከብሎካችን የቀረው ምድሩና አንድ ፎቅ ነው፤ ከላይ ሲታይ ክፍሎቹ ልክ እንደ ሥዕሉ ተከፍተው ይታያሉ። የወይዘሮ ኢክራም ሳሎን ግድግዳ ላይ የሦስቱ ፎቶዎች ቦታ በአዲስ ቀለሙ እንዳለ ነው። ከኋላዬ ምንትዋብ ለእናቷ እንደ ሪፖርት ታነባለች፣ ማን ቤት ስንት ጣት፣ ዘበኛው ሦስት፣ አቶ ኪሩቤል ግማሽ ሲጎድል። ዝም ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። አሥራ አንድ ቁጥር፣ ሳሎኑ፣ አንድ ስንዝር።

ግድግዳው ሙቀጫውን ይገፋል። ስዞር ሶልያና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ላጲስ የነካውን ቦታ አግኝታዋለች። ጠፍቶ የተሰመረው መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና አለችና እኔን አየችኝ።

«አንድ ስንዝር ብቻ?» አለች።